በአንድ ወገን ብቻ ስለሚይዝ የእጅ ፍሬን

ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ፊደል በማስቈጠርና ሰዋስው በማስተማር ብዙ ልጆች ያሳደጉ፣ ዛሬ በጡረታ የሚኖሩ መምህር ሲሆኑ፣ ሁለተኛው በልጅነቱ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ዳዊት የደገመ፣ ኋላም የመኪና ጥገናን ሙያ ተምሮ በአዲስ አበባ ጋራዥ የሚሠራ ደቀ መዝሙራቸው ነው። የንግግራቸው መነሻ የመምህሩ አሮጌ ቮልስዋገን ናት።

መምህር፦ ልጄ፣ ይህች መኪና ለብዙ ዘመን በታማኝነት ያገለገለችኝ መሆኗን አንተም ታውቃለህ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን ዳገት ላይ አቁሜ የእጅ ፍሬኑን ስስብ፣ ቀኙ የኋላ ጎማ እንደ ቀድሞው ጠንክሮ ሲይዝ፣ ግራው እየላላ፣ ጥቂት ወደ ኋላ ከተንሸራተተች በኋላ ነው የምትቆመው። መኪና መንዳትን ከእኔ አስቀድሞ የጀመረ አንድ ጎረቤቴ፣ «ነገሩ ቀላል ነው፤ ከማንሻው ሥር ያለውን የግራውን ዳዶ ጠበቅ ማድረግ ብቻ ነው» ብሎ መከረኝ። እኔ ደግሞ ምክሩን ከመፈጸሜ በፊት የሙያውን ባለቤት ልጠይቅ ብዬ መጣሁ።

መካኒክ፦ የኔታ፣ እንኳን በደኅና መጡ። ጎረቤትዎ የነገሩዎት ዳዶ በእውነት አለ፤ የሚጠብቅበትም ሥርዓት አለ። ነገር ግን ተራው ከሥራው ሁሉ በኋላ እንጂ ከሥራው ሁሉ በፊት አይደለም። ግራው ጎማ ከቀኙ አንሶ መያዙ በውስጥ ስላለው ሕመም የሚመሰክር ምስክር ነውና፣ ሕመሙን ሳናውቅ ዳዶውን ብናጠብቀው ምስክሩን ዝም አሰኝተን ሕመሙን በስውር እንዲያድግ እንተወዋለን።

መምህር፦ እንግዲያስ ከጥንቱ ጀምረህ አስረዳኝ። መኪና የእግር ፍሬን እያላት በእጅ የሚሳብ ሌላ ፍሬን ስለ ምን አስፈለጋት?

መካኒክ፦ ሁለቱ ከጎማው ጋር በሚዞር በአንድ ታምቡር ውስጥ ይገናኛሉ፤ ታምቡሩን ታክኮ የሚያቆመውን አንዱንም ሸራ ይገፋሉ፤ መንገዳቸው ግን የተለያየ ነው። የእግሩ ፍሬን ኃይሉን በዘይት ሲልክ፣ የእጁ ካቮ በሚባል የሽቦ ገመድ ይልካል። ቀድሞ ሁሉም በዘንግና በካቮ ነበር። ዘይት በአራቱም ጎማዎች ላይ ገብቶ ለገበያ የቀረበው መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1921 በአሜሪካ በተሠራው ዱዘንበርግ ነው። ቮልስዋገንም ቢሆን፣ ለውጭ አገር የሚላከው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ ዘይት ሲዛወር፣ ዋጋው ርካሽ የሆነው ዓይነት እስከ 1962 ድረስ የእግር ፍሬኑን ሳይቀር በካቮ ሲያሠራ ኖሯል። ዘይቱ ከገባ በኋላ ካቮው ጨርሶ ያልተጣለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በድሮዎቹ መኪኖች የዘይቱ መስመር አንድ ብቻ ስለ ነበረ፣ በአንድ ቦታ የተቀደደ ቱቦ የአራቱን ጎማዎች ፍሬን ባንድ ጊዜ ያጠፋ ነበርና፣ በዚያች ሰዓት ለነጂው የሚቀረው የእጁ ብቻ ነው። ዳግመኛም ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ለሚያድር መኪና፣ በጥርስ የተያዘ ብረት እንደ ተሳበ ያድራል፤ በዘይት ግፊት ላይ ግን እንዲህ ያለ አደራ አይጣልም።

መምህር፦ ይህ ገባኝ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀረኛል፤ አንዱ ጎማ ከያዘ መኪናይቱ ቆማለች። ሁለተኛው ቢላላ ጉዳቱ ምንድን ነው? ብዙ ሰው እኮ ጎማ ሥር ድንጋይ አስገብቶ ዘመኑን በሰላም ይፈጽማል።

መካኒክ፦ ቍጥሩን እንይ፣ የኔታ። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቍጥር 13-ኤች፣ የቤት መኪና የእጅ ፍሬን መኪናይቱን ከነጭነቷ በ20 በመቶ ዳገትና ቍልቍለት ላይ ሊያቆማት እንደሚገባ ያዝዛል፤ ይህም በ100 ሜትር አግድመት 20 ሜትር ከፍ የሚል መንገድ ማለት ነው። የእርስዎ መኪና ባዶዋን 800 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ ሰውና ዕቃ ሲጫንባት 1,100 ኪሎ ደረሰች እንበል። በዚያ ዳገት ላይ ወደ ታች የሚስባት ኃይል የ216 ኪሎ ያህል ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 108 ኪሎ ይደርሰዋል፤ አንዱ ከሥራ ቢወጣ ግን ሁለተኛው 216ቱን ለብቻው ይሸከማል። ሸራው ይህን ቢችል እንኳ፣ በክረምት ኮብልስቶኑ ሲረጥብና አስፋልቱ በጭቃ ሲሸፈን፣ ያ አንድ ጎማ እንደ ተቆለፈ ሊንሸራተት ይችላል።

ከዚህ የሚብስ ሌላ ነገር አለ። ቀኙ የኋላ ጎማዎ መንገድ ላይ ቢፈነዳ ምን ያደርጋሉ? የእጅ ፍሬኑን ስበው በክሪክ ቀኙን ወገን ያነሣሉ። በዚያን ጊዜ የሚይዘው ጎማ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ምድር የረገጠው ደግሞ የማይዘው ነው። ማርሹ ነጻ ከሆነ መኪናይቱን የሚያቆማት ምንም ነገር የለምና ከክሪኩ ላይ ትወርዳለች። ስለ ድንጋዩም ቢሆን እኔ አልነቅፈውም፤ በጭነት መኪና የሚሄድ ረዳት ሁሉ ታኮውን ይዞ ዘሎ የሚወርደው በከንቱ አይደለም። ታኮ ግን የፍሬን ረዳት ነው እንጂ የፍሬን ምትክ አይደለም።

መምህር፦ ልብ የሚነካ ነገር ነገርኸኝ፤ በመኪናይቱ ሥር ተንበርክኮ ጎማ የሚለውጠው ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ልጅ ነውና። በል እንግዲህ፣ ምርመራው ከየት ይጀመራል?

መካኒክ፦ ከደኅንነት ይጀመራል። መኪናይቱን በደልዳላ መሬት ላይ አቁመናታል። የምንመረምረው ራሱን የእጅ ፍሬኑን ስለ ሆነ በእርሱ መተማመን አይቻልምና፣ የፊት ጎማዎቿን ከፊትም ከኋላም በታኮ አስረናል። ኋላ ታምቡሩን መክፈት ቢያስፈልግ፣ የአክስሉን ትልቅ ዳዶ ገና ጎማዎቹ ምድር እንደ ረገጡ በ36 ቍልፍ አላልቼዋለሁ፤ ያ ዳዶ እጅግ ጠብቆ የሚታሰር ስለ ሆነ፣ በክሪክ ላይ ባለች መኪና እርሱን መታገል መኪናይቱን ከላይ መጣል ነው። አሁን ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ተነሥተዋል፤ በክሪክ ብቻ ሳይሆን በመደገፊያ ብረት ላይ ተቀምጣለች፤ ማርሹም ነጻ ነው። እርስዎ ወረቀትና እርሳስ ይያዙልኝ። እኔ ማንሻውን በአንድ በአንድ ጥርስ እስባለሁ፤ ረዳቴ ጎማዎቹን በእጁ እያዞረ የሚሰማውን ይናገራል።

መምህር፦ ይኸው ጻፍሁ፤ ላንብበው። «ቀኝ፦ በሁለተኛው ጥርስ መክበድ ጀመረ፤ በአራተኛው ቆመ። ግራ፦ በአራተኛው ጥርስ እንደ ልቡ ይዞራል፤ በስድስተኛው መክበድ ጀመረ፤ በስምንተኛውም በጉልበት ይዞራል።» ለመሆኑ ደንቡ ምን ይላል?

መካኒክ፦ በዚህች መኪና ደንቡ፣ በሁለተኛው ጥርስ ሁለቱም ጎማዎች እኩል እንዲከብዱ፣ በአራተኛው ደግሞ ሁለቱም በእጅ እንዳይዞሩ ነው። ቀኙ እንደ ደንቡ ሆኗል። ነገር ግን ገና አልጨረስንም፤ ማንሻውን አሁን ወደ ታች እለቀዋለሁ፤ ረዳቴ እንደገና ያዙር።

መምህር፦ ቀኙ ወዲያው ነጻ ወጣ። ግራው ግን… ይህ እንዴት ያለ ነገር ነው? ማንሻው ወርዶ ሳለ ግራው አሁንም እንደ ከበደ ነው፤ ልጁ ሁለት ሦስት ጊዜ ካወዛወዘው በኋላ ነው የተለቀቀው። ልጄ፣ ካቮው ላልቶ ቢሆን ኖሮ ዘግይቶ የሚይዝ ያህል ቀድሞ ሊለቅ ይገባው አልነበረምን?

መካኒክ፦ የኔታ፣ ዋናውን ቍልፍ አገኙት! የላላ ነገር ዘግይቶ ይይዛል፣ ቀድሞም ይለቃል። ዘግይቶ የሚይዝና ዘግይቶ የሚለቅ ከሆነ ግን ነገሩ መላላት አይደለም፤ በመንገዱ ላይ አንድ የሚይዘው፣ የሚፈትገው ነገር አለ ማለት ነው። እንግዲህ የጎረቤትዎን ምክር በዚህ ላይ ፈጽመነው ቢሆን ምን ይደርስ እንደ ነበር ይመልከቱ፤ ዳዶው ሲጠብቅ ግራው ጎማ ለጊዜው ከቀኙ ጋር እኩል የያዘ ይመስላል፤ ነገር ግን ማንሻው ከወረደ በኋላ ሸራው ታምቡሩን እያሻሸ ስለሚቀር፣ ጎማው ይግላል፣ ሸራው ያልቃል፣ ከግለቱም ብዛት ፊቱ እንደ መስተዋት ይለሰልስና ጨርሶ የማይዝ ይሆናል። በሽታው ከእጅ ፍሬኑ ወደ እግር ፍሬኑ ተሻገረ ማለት ነው።

መምህር፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከዚህ ጥፋት አድነኸኛል። ነገር ግን የሚፈትገው ነገር በካቮው ውስጥ ይሁን በታምቡሩ ውስጥ በምን እንለያለን?

መካኒክ፦ በእግር ፍሬኑ። ሁለቱ ፍሬኖች በአንድ ሸራ እንደሚሠሩ አስቀድሜ ተናግሬአለሁ። እርስዎ ወደ ውስጥ ይግቡና ፔዳሉን ቀስ እያሉ ይርገጡ፤ እኔና ረዳቴ ግራና ቀኝ ጎማዎቹን እናዞራለን። በፔዳሉ ሁለቱም እኩል ከቆሙና እኩል ከተለቀቁ፣ ሸራውና ታምቡሩ ደኅና ናቸው፤ ጥፋቱ ካቮውና ካቮው በሚስበው ክንድ መካከል ነው። በፔዳሉም ግራው ካነሰ ግን፣ ካቮውን ትተን ፊታችንን ወደ ታምቡሩ እንመልሳለን።

መምህር፦ ረገጥሁት… ሁለቱም አንድ ላይ ቆሙ፤ ለቀቅሁት፤ ሁለቱም አንድ ላይ ተፈቱ። እንግዲህ በግማሹ መንገድ ላይ ያለው ሁሉ ከክስ ነጻ ወጣ። ይሁን እንጂ ይህን ምልልስ የሚሰማ ሌላ ሰው መኪናው በፔዳሉም እኩል ያልያዘች እንደ ሆነ ምን ያድርግ?

መካኒክ፦ ታምቡሩን ከፍቶ አስቀድሞ እርጥበት ይፈልግ፤ በአንድ ወገን ብቻ ለሚያንስ ፍሬን ዘይት የነካው ሸራ የታወቀ ምክንያት ነውና። እርጥበቱ ከሁለት ቦታ ሊመጣ ይችላል። ቀጠን ያለና በውኃ የሚታጠብ፣ በአካባቢውም ያለውን ቀለም የላጠ ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው፤ ሸራዎቹን ከምትገፋው ከትንሿ ሲሊንደር ጎሚኒ አምልጦ ወጥቷል። ወፈር ያለ፣ ድኝ ድኝ የሚሸትና ከውኃ ጋር የማይዋሐድ ከሆነ ግን የካምቢዮ ዘይት ነው፤ በአክስሉ በኩል ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ አርጅቷል። በሁለቱም ምክንያት የሚፈሰውን ሳያቆሙ ሸራ መለወጥ አዲሱን ሸራ ለዘይቱ መገበር ነው።

ደረቅ ከሆነ ደግሞ የሸራውን ውፍረት ከሌላው ወገን ጋር ያስተያይ፤ ፊቱ አብለጭልጮ እንደ ሆነ ይመልከት፤ የሞላዎቹን ጥንካሬ፣ የታምቡሩን ክብነት ይመርምር። ታምቡሩ ክብነቱን ያጣ ከሆነ፣ ጎማው ሲዞር በአንድ ቦታ ይከብዳል፣ በሌላ ቦታ ይቀልላል፤ ይህን ቶርኖ ቤት ያቃናዋል፤ ነገር ግን ፋብሪካው ከወሰነው ስፋት እንዳያልፍ፣ የሁለቱም ወገን ታምቡር አንድ ልክ እንዲሆን ያስፈልጋል።

መምህር፦ ዘይት የጠጣውን ሸራ በቤንዚን አጥቦ መመለስ አይቻልምን? ያንዱን ወገን ብቻ መለወጥስ? ድኻ ባለመኪና እንዲህ ብሎ ይጠይቅሃልና።

መካኒክ፦ ጥያቄው የብዙ ሰው ነው፤ መልሱ ግን አይቻልም ነው። ሸራ ዘይቱን ወደ ውስጡ ስለሚመጠው፣ ላዩ ታጥቦ የደረቀ ቢመስልም፣ ፍሬኑ በጋለ ጊዜ ዘይቱ ከውስጥ ተመልሶ ይወጣል። ቤንዚኑም ራሱ በጋራዥ ውስጥ እሳት ጠሪ ነው። ያንዱን ወገን ብቻ መለወጥም አዲሱንና አሮጌውን ሸራ በግራና በቀኝ አቁሞ ልዩነቱን በገዛ እጅ መፍጠር ነው፤ ስለዚህ የኋላ ሸራ ሲለወጥ በሁለቱም ወገን አንድ ላይ፣ ከአንድ ዓይነትም ይለወጣል። ድኻ ባለመኪና ገንዘቡን የሚያድነው አንድ ጊዜ በትክክል በማሠራት ነው።

መምህር፦ እንግዲህ ወደ እኛይቱ እንመለስ። ጥፋቱ በካቮውና በክንዱ መካከል ነው ብለሃል።

መካኒክ፦ አሁን የግራውን ታምቡር አወጣለሁ። አንተ ልጅ፣ አቧራውን በአፍህ አትንፋው፣ በኮምፕረሰርም አትንፋው፤ በድሮ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ስላለ፣ ብናኙ በሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዘመን በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ አንሣው። ይኸው፣ የኔታ፤ ሸራዎቹ ደረቅ ናቸው፣ ውፍረታቸውም ይበቃል፣ ፔዳሉ እንደ መሰከረው። ከሸራው ጋር የተያያዘው ይህ ክንድ የካቮው ጫፍ የሚስበው ነው። የካቮውን ጫፍ ከክንዱ አላቀቅሁት። ክንዱን በጣትዎ ይግፉት።

መምህር፦ ያለ ችግር ይሄዳል፤ ይመለሳልም።

መካኒክ፦ እንግዲህ የቀረን አንድ ተከሳሽ ብቻ ነው። ካቮውን በእጄ ስስበው ተመልከቱ፤ እየተንቀጠቀጠ ይመጣል፣ ስለቀውም እዚያው ይቀራል። አሁን ወደ ታምቡሩ ጀርባ ዝቅ ይበሉ፤ ካቮው ወደ ውስጥ ለመግባት በሚታጠፍበት ቦታ ሽፋኑ እንደ ተሰነጠቀ ያያሉ። በስንጥቁ የገባው የክረምት ውኃና ጭቃ ካቮውን አዝጎታል፤ ከሽቦዎቹም አንዳንዶቹ ተበጥሰው ጫፋቸው እንደ እሾህ ቆሟል። እርስዎ ማንሻውን ሲስቡ የክንድዎ ጉልበት በዚህ ዝገት ላይ እየባከነ፣ ወደ ሸራው የሚደርሰው ትርፉ ብቻ ነበር።

መምህር፦ ዘይት ወይም ግራሶ ቢገባበትስ?

መካኒክ፦ ለጥቂት ጊዜ ይፈታ ይሆናል፤ የተሰነጠቀ ሽፋን ግን ውኃውን ደግሞ ያስገባዋል፤ የተበጠሰው ሽቦም አይቀጠልም። ስለዚህ ካቮው መለወጥ አለበት። ሁለቱም ካቮዎች በአንድ ዘመን የገቡ ከሆኑ ሁለቱንም ቢለውጡ ይመረጣል፤ አዲስ ካቮ በመጀመሪያው ጊዜ ጥቂት ይረዝማልና፣ አንድ ላይ የገቡት አንድ ላይ ይረዝማሉ።

መምህር፦ ልጄ የሚነዳው ቶዮታ ነው። ይህ ሁሉ ለእርሱም ያገለግላልን?

መካኒክ፦ የምርመራው መንገድ ከኋላ በታምቡር ለሚሠራ መኪና ሁሉ ያገለግላል፤ ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። በእርስዎ መኪና ሁለቱ ካቮዎች እስከ ማንሻው ድረስ መጥተው በየራሳቸው ዳዶ ይታሰራሉ። በሌሎች ብዙ መኪኖች ግን ከማንሻው የሚወጣው አንድ መሳቢያ ነው፤ እርሱም መኻሉን ከያዘው ማካፈያ ብረት ግራና ቀኝ ጫፍ ሁለቱ ካቮዎች ይነሣሉ። ይህ ብረት በሁለት በሬዎች ላይ እንዳለ ቀንበር ነው፤ አንዱ በሬ ወደ ኋላ ሲቀር ቀንበሩ እንደሚያዘነብል፣ አንዱ ካቮ ሲያዝ ብረቱ ወደዚያ ወገን ዘንበል ይላል። ከመኪናው ሥር ገብቶ ማንሻው ሲሳብ ብረቱን የሚመለከት ሰው፣ ታምቡር ሳይከፍት የታመመውን ወገን ያውቃል። ብረቱ ራሱ መኻሉ ላይ ዝጎ መወዛወዝ ካቃተው ደግሞ፣ ካቮዎቹ ጤነኞች ሳሉ ኃይሉ እኩል አይካፈልምና፣ እርሱን ማጽዳትና ግራሶ መቀባት አይዘንጋ።

መምህር፦ አዲሱ ካቮ ገባ እንበል። አሁንስ የዚያ ዳዶ ጊዜ ደረሰን?

መካኒክ፦ ገና አንድ ሥራ ይቀድመዋል። የእጅ ፍሬኑ የሚገፋው ሸራውን ነውና፣ ሸራው ከታምቡሩ ያለውን ርቀት ሳያስተካክሉ ካቮን ማስተካከል መሠረት ሳይጥሉ ግድግዳ ማቆም ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱን ካቮዎች ሙሉ በሙሉ አላላቸዋለሁ። ከዚያ ለማስተካከያው በተተወው ቀዳዳ ካቻቢቴ አስገብቼ፣ በእያንዳንዱ ታምቡር ውስጥ ያሉትን ሁለት ጥርሳም ማስተካከያዎች አንድ በአንድ እያዞርሁ፣ ጎማው እስኪከብድ ድረስ ሸራውን አስጠጋለሁ፤ ቀጥሎም ጎማው ያለ መታሸት እስኪዞር ሦስት ወይም አራት ጥርስ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ፔዳሉን ደጋግሜ እረግጣለሁ፤ በዚህ ጊዜ ሸራዎቹ መኻላቸውን ይይዛሉ፤ ርቀቱንም ዳግመኛ አያለሁ። ግራና ቀኙ በዚህ ከተስማሙ በኋላ ብቻ ወደ ማንሻው እመጣለሁ።

መምህር፦ የመጨረሻውን ሥራ በዐይኔ ልየው።

መካኒክ፦ የማንሻውን ጎማ ሽፋን ወደ ላይ ገልጬዋለሁ፤ ይኸው ሁለቱ የካቮ ጫፎች፣ በላያቸውም ማስተካከያው ዳዶና የሚያቆልፈው ሁለተኛ ዳዶ። በካቮው ጫፍ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ታያላችሁ፤ ፋብሪካው በከንቱ አልሠራትም። በዚያች ስንጥቅ ካቻቢቴ አግብቼ ጫፉን በግራ እጄ ካልያዝሁት፣ ዳዶው ሲዞር ካቮው አብሮ ይጠመዘዛል፤ የተጠመዘዘ ካቮ ደግሞ በሽፋኑ ውስጥ እየተፋተገ ዛሬ ያከምነውን በሽታ መልሶ ይወልዳል። እንዲህ ይዤ ጥቂት በጥቂት አጠብቃለሁ፤ ወደ ሁለተኛው ጥርስ እስባለሁ፤ ረዳቴ ሁለቱንም ያዞራል።

መምህር፦ «እኩል ከብደዋል» ይላል። ወደ አራተኛው ሳብ… «ሁለቱም ቆመዋል።» ልቀቀው… «ሁለቱም ተፈተዋል።» ይህንም በወረቀቱ ላይ ከመጀመሪያው ቃል በታች ጻፍሁት።

መካኒክ፦ አሁን የሚያቆልፉትን ዳዶዎች አጥብቄ ሽፋኑን እመልሳለሁ። የአክስሉን ዳዶ ደግሞ ጎማው ምድር ከረገጠ በኋላ በ30 ኪሎግራም-ሜትር ገደማ አጠብቀዋለሁ፤ መቆለፊያ ሽቦውንም አዲስ አስገባለታለሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አዲሱ ካቮ ስለሚረዝም አንድ ጊዜ ተመልሰው ያስፈትሹ። ያን ጊዜ ዳዶውን ጠበቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል፤ የጎረቤትዎ ምክር በተገቢው ጊዜና በተገቢው ቦታ የሚውለው ያን ጊዜ ነው።

መምህር፦ ፈትነን ደኅና ሆኖ ካገኘነው በኋላስ፣ በየዕለቱ ምን ላድርግ? በዕድሜዬ ከተማርሁት አንዱ፣ የተጠገነ ነገር ካልተጠበቀ ወደ ቀድሞው እንደሚመለስ ነው።

መካኒክ፦ የእጅ ፍሬኑን በደልዳላም ስፍራ ይሳቡት፤ ሳይሳብ የሚቀር ካቮ ሳይታወቅ ይዝጋል። ዳገት ላይ ሲያቆሙ የእግር ፍሬኑን እንደ ረገጡ የእጁን ይሳቡ፤ ከዚያ ማርሽ ያስገቡ፤ መንገዱ ከፍ ያለ ጠርዝ ያለው ከሆነ የፊት ጎማዎቹን መኪናይቱ ብትሄድ ጠርዙ እንዲያግዳት አድርገው ያዙሩ። ማንሻው ከወትሮው አንድ ሁለት ጥርስ አልፎ የሚይዝ ከሆነ፣ ወይም ከጕዞ በኋላ አንዱ የኋላ ጎማ ከሌላው ይልቅ ቸርኬው ግሎ ካገኙት፣ ለዓመታዊው የቦሎ ምርመራ አያቆዩት። ወደ ባለሙያ ሲሄዱም «አጥብቅልኝ» አይበሉት፤ «ግራና ቀኙን አስተያይተህ ምክንያቱን ንገረኝ» ይበሉት።

መምህር፦ ይህን የመጨረሻውን ቃል ለሌሎችም አደርሰዋለሁ። ከቸርችል ጎዳና ቍልቍለት ጀምሮ እስከ እንጦጦ ዳገት፣ ከዚያም ባለፈ እስከ ዓባይ በረሃ መውረጃ ድረስ፣ መኪና የሚቆምበት ስፍራችን ደልዳላ የሆነው ጥቂት ነው። ከቆመች መኪና በታች በኩል ደግሞ ሁልጊዜ ሰው አለ፤ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን፣ በመንገድ ዳር ጉሊት የዘረጋች እናት። እነርሱ የመኪናይቱን የእጅ ፍሬን ሊመረምሩ አይችሉም፤ የባለቤቱን ኅሊና አምነው ነው የሚያልፉት። ስለዚህ መኪና ያለህ ሰው ሁሉ፣ የእጅ ፍሬንህ በአንድ ወገን ብቻ የሚይዝ ከሆነ ዳዶውን ከመንካትህ በፊት ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች ከምድር አንሥተህ አስመርምር፤ ምክንያቱን ሳታውቅም መኪናህን ዳገት ላይ ትተህ አትሂድ።